የውኃ ኃይል አዋጭነት በደረቅ አገር፦ የናሚቢያው ነካርታል ግድብ

ነካርታል በደቡባዊ ናሚቢያ፣ በካራስ ክልል፣ ከኪትማንሾፕ ከተማ በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በፊሽ ወንዝ ላይ የተሠራ የአገሪቱ ትልቁ ግድብ ነው። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ2013 ተጀምሮ በ2020 የተመረቀ ሲሆን፣ ሥራውን ያካሄደው በአገራችን የጊቤ ሦስትንና የታላቁ ህዳሴ ግድብን የሲቪል ሥራ የሠራው የጣልያኑ ሳሊኒ ኢምፕሬጂሎ ኩባንያ ነው። ቁመቱ ወደ 80 ሜትር የሚጠጋው ይህ ግድብ 857 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ ይህም ህዳሴ ግድብ ከሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ጋር ሲነጻጸር ከመቶ አንድ እጅ ትንሽ ከፍ የሚል ነው። የተሠራበት ዋና ዓላማ 5,000 ሄክታር መሬት በመስኖ ማልማት ሲሆን፣ ከሥሩ የተተከለው ኃይል ማመንጫ አቅም 3 ሜጋዋት ብቻ ነው። ይህን ያህል ትልቅ ግድብ ለምን ይህን ያህል ትንሽ ማመንጫ እንደያዘ መረዳት፣ በደረቅ አገር የውኃ ኃይል አዋጭነት እንዴት እንደሚመዘን መረዳት ነው።

ናሚቢያ ከሰሃራ በስተ ደቡብ ካሉ አገሮች ሁሉ ደረቋ ናት። ዓመቱን ሙሉ የሚፈሱት ወንዞቿ፣ ማለትም ኩኔኔ፣ ኦካቫንጎ፣ ዛምቤዚና ኦሬንጅ፣ ሁሉም ከጎረቤት አገሮች ጋር በሚያዋስኗት ድንበሮች ላይ የሚገኙ ናቸው። የአገሪቱ ዋነኛ የኃይል ምንጭ የሆነው 347 ሜጋዋት አቅም ያለው የሩአካና ማመንጫ በኩኔኔ ላይ የቆመ ሲሆን፣ በበጋ ፍሰቱ ሲቀንስ ምርቱ አብሮ ስለሚያሽቆለቁል አገሪቱ ከጎረቤቶቿ ብዙ ኤሌክትሪክ ትገዛለች። በዚህ ሁኔታ በመሃል አገር በሚሠራ ግድብ ሁሉ ላይ ተርባይን የመትከል ሐሳብ መነሣቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን የመሃል አገር ወንዞች ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚፈሱ ናቸው። ፊሽ ወንዝም በዝናቡ ወራት በድንገተኛ ጎርፍ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ለወራት የተቆራረጡ ኩሬዎች ብቻ ይቀሩታል።

የማመንጫ አቅም የሚወሰነው በሁለት ነገሮች ነው፦ በሴኮንድ በሚለቀቀው የውኃ መጠንና ውኃው በሚወርድበት ከፍታ። በ60 ሜትር ከፍታ በሴኮንድ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ቢለቀቅና ማሽኖቹ 85 በመቶ ያህል ብቃት ቢኖራቸው 500 ኪሎዋት ገደማ ይገኛል። ስለዚህ 3 ሜጋዋት ያለማቋረጥ ለማመንጨት በሴኮንድ 6 ሜትር ኩብ፣ በዓመት ደግሞ 190 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል መልቀቅ ያስፈልጋል። የሐይቁ ከፍታ ወደ 30 ሜትር ሲወርድ ግን ያው ውኃ የሚሰጠው ኃይል በግማሽ ይቀንሳል፤ ተርባይኑም ከታቀደለት ከፍታ በታች ሲሠራ ብቃቱ ስለሚጎዳ የእውነቱ ቅናሽ ከግማሽ ይበልጣል።

የአዋጭነት ጥናት ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በዓመታዊ አማካይ ፍሰት ላይ ሲመሠረት ነው። በእንዲህ ያለ ወንዝ አማካዩን ከፍ የሚያደርጉት ጥቂት የጎርፍ ዓመታት ናቸው፤ አብዛኞቹ ዓመታት ከአማካዩ በታች ናቸው። ስለሆነም መለኪያው ግድቡ በተከታታይ የድርቅ ዓመታትም ሳይቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው አስተማማኝ መጠን መሆን አለበት። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ሃርዳፕ ግድብ በወንዙ ላይኛው ክፍል ድርሻውን ይወስዳል። ሃርዳፕ ሌላም ትምህርት ይሰጣል፦ እ.ኤ.አ. በ2006 ጎርፍ የማሪየንታልን ከተማ ካጥለቀለቀ ወዲህ ለጎርፍ ቦታ ለመተው ሲባል ሐይቁ እስከ አፉ እንዲሞላ አይደረግም። ኃይል ማመንጨት ከፍ ያለ ሐይቅ ይፈልጋል፤ የከተማ ደኅንነት ደግሞ ዝቅ ያለ።

ትነት ሌላው ከባድ ሂሳብ ነው። ሐይቁ በዓመት ሁለት ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ በትነት ያጣል ብለን ብናሰላ፣ ከእያንዳንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ሁለት ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይጠፋል። ይህ ውኃ በ60 ሜትር ከፍታ በተርባይን ቢያልፍ ወደ 280 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ይሰጥ ነበር። ከፍታውን ለመጠበቅ ሲባል ሐይቁን ሞልቶ ማቆየት ስፋቱን ስለሚጨምር፣ ለኃይል ተብሎ የሚጠራቀም ውኃ ከፊሉ ለፀሐይ ይገበራል። በእርጥብ አገር ይህ ኪሳራ ችላ ሊባል ይችላል፤ እዚህ ግን ችላ ያለ ጥናት ጥናት አይባልም።

በእኔ እምነት ወሳኙ ጥያቄ ግድቡ ስንት ውኃ ይይዛል የሚለው ሳይሆን ውኃው መቼና ለምን ይለቀቃል የሚለው ነው። በደረቅ አገር ለኃይል ብቻ ተብሎ ውኃ አይለቀቅም፤ ማመንጫው የሚሠራው ለመስኖ በሚለቀቀው ውኃ ነው። ለአንድ ሄክታር በዓመት 15,000 ሜትር ኩብ ቢታሰብ ለ5,000 ሄክታር 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በ60 ሜትር ከፍታ በተርባይን ቢያልፍ በዓመት ከ10 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ይገኛል፤ ይኸውም 3 ሜጋዋት ዓመቱን ሙሉ ቢሠራ ከሚሰጠው 40 በመቶው ነው። ለትንሽ ማመንጫ ይህ መጥፎ ቁጥር አይደለም። ነገር ግን መስኖው ከሌለ ይህ ቁጥርም የለም። ግድቡ ከተመረቀ በኋላ የመስኖ ልማቱ ለዓመታት መዘግየቱ የማመንጫውን መሠረት የሚነካው ለዚህ ነው፤ ጎርፍ ሐይቁን ቢሞላውም የሚለቀቅበት ምክንያት እስኪገኝ ድረስ ውኃው ተኝቶ ይተናል።

በወጪ በኩል ግድቡ ለመስኖ ሲባል መሠራቱ ስለማይቀር፣ በማመንጫው ላይ የሚታሰበው የተርባይኑ፣ የማመንጫ ቤቱና የመስመሩ ወጪ ብቻ ነው። የውኃ መውጫ ቧንቧው ግድቡ ሲገነባ አብሮ ካልተዘጋጀ ኋላ መጨመሩ እጅግ ይከብዳል። ደለልም ሊዘነጋ አይገባም፤ ድንገተኛ ጎርፍ ብዙ አፈር ተሸክሞ ይመጣል፤ ይህ አፈር የሐይቁን አቅም ይቀንሳል፣ ተርባይኑንም ይበላል። ከሁሉም በላይ ማመንጫው ከፀሐይ ኃይል ጋር መወዳደር አለበት። በናሚቢያ ሰማይ ሥር አንድ ሜጋዋት የፀሐይ ማመንጫ በዓመት ከሁለት ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት በላይ ስለሚሰጥ፣ የነካርታልን የመስኖ ውኃ ኃይል አምስት ሜጋዋት ያህል የፀሐይ ማመንጫ ይተካዋል። የውኃው ብልጫ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም መሥራቱ ነው፤ በቀን የሚፈለገው የመስኖ ውኃ በማታ ተለቅቆ ከግድቡ በታች ባለ የውኃ መያዣ ላይ እንዲጠራቀም ከተደረገ ብልጫው ዋጋ ያወጣል።

የነካርታል አሠራር ለዚህ ዕድል ይሰጣል። ከዋናው ግድብ የሚለቀቀው ውኃ ወንዙን ተከትሎ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ከወረደ በኋላ በሁለተኛ መቀልበሻ፣ ማለትም ውኃውን ለመያዝ ወንዙን በሚያቋርጥ ዝቅተኛ ግንብ፣ ይያዝና በፓምፕ ወደ እርሻው እንዲገፋ ታቅዷል። ፓምፖቹ ራሳቸው ኤሌክትሪክ ስለሚበሉ፣ ተርባይኑ የሚያመነጨውን ፓምፑ ከሚፈጀው ጋር በአንድ መዝገብ ማስላት ግድ ይላል። ከመቀልበሻው አልፎ ወደ ታችኛው ሸለቆና ወደ ኦሬንጅ ወንዝ መድረስ ያለበት ድርሻም ከዚሁ ሂሳብ ይቀነሳል። ይህ ድርሻ ግን መንገዱ ላይ በተርባይኑ ካለፈ ኃይል ሰጥቶ ስለሚሄድ፣ ለተፈጥሮ የሚለቀቀው ውኃ በጥናቱ ውስጥ እንደ ኪሳራ ብቻ መመዝገብ የለበትም።