ስለ ሥራ ልብስ፣ ስለ ላብና ስለ እግር ጉዞ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ልብስ ሰፊ ዘንድ የሚመጣ ደንበኛ ለመለካት እጁን ዘርግቶ በቆመበት ሰዓት ስለ ልብስ የሚያምነውን ሁሉ ይናገራል። ሙያውን የተማርኩት ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ፣ ከታላላቆቼ ሥር ተቀምጬ ነው፤ አሁን የምሠራው ድሬዳዋ ከዚራ ነው። በሁለቱም ከተሞች ከባንክ ሠራተኛው፣ ከመምህሩም ሆነ ከፍርድ ቤት ጸሐፊዋ የምሰማው ቃል አንድ ነው፦ «በእግሬ ስለምሄድ ልብሴ ይጨማደዳል፤ ስለዚህ የማይጨማደድ ጨርቅ ስፋልኝ።» በዚህች አጭር ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ስሕተቶች አሉ፤ ሁለቱም ሰውን ላልተገባ ወጪና ለማያስፈልግ ላብ ይዳርጋሉ።

የመጀመሪያው ስሕተት ልብስን የሚያጨማድደው እርምጃ ነው ብሎ ማመን ነው። ልብስ የሚጨማደደው እርጥበት፣ ሙቀትና ጫና አንድ ላይ ሲያርፉበት ነው። ካውያ የሚሠራውም በእነዚሁ በሦስቱ ነው፤ ልዩነቱ ካውያው ቀጥ ያለ መስመር ሲያወጣ፣ ላብ ባረጠበው ልብስ ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ጠማማ መስመር ማውጣቱ ነው። ቀጥ ብሎ የሚራመድ ሰው ኮቱ ከትከሻው፣ ሱሪው ከወገቡ ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚወርድ ጨርቁን የሚጫነው ነገር የለም። በባጃጅ የሄደው ግን ጀርባውን በላስቲክ መቀመጫው ላይ አስደግፎ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ከሁለት ሰዎች ጋር ተጣቦ ይቆያል፤ በዚያ ላይ ከክፍቱ ጎን የሚገባው አቧራ እርጥቡ ጨርቅ ላይ ያርፋል። የተጠራጠረ ሰው የራሱን ልብስ ይመልከት፤ ጭምድዱ የሚገኘው ከወገብ በታች በኮቱ ጀርባ፣ ከጉልበት በስተኋላና በክርኑ እጥፋት ላይ ነው። እነዚህ ሁሉ የመቀመጥ ምልክቶች ናቸው።

በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ሁለት ደንበኞች አሉኝ። ከአንድ ጥቅል ጨርቅ፣ በአንድ ዓይነት አቆራረጥ ሱሪ ሰፋሁላቸው። አንደኛው ከሳቢያን በባጃጅ ይመላለሳል፤ ሌላው የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ከመጋላ በእግሩ ይመጣል። መቀመጫው ቀድሞ የተላገውና ማንጸባረቅ የጀመረው የባጃጅ ተሳፋሪው ሱሪ ነው። የእግረኛው ሱሪ ጫፉ ላይ አቧራ ይዟል፤ አቧራ ግን በብሩሽ ይነሣል፤ የተላገ ጨርቅ ወደ ቦታው አይመለስም።

ሁለተኛውና እጅግ የሚያሳስበኝ ስሕተት «የማይጨማደድ» የሚባለው ጨርቅ ለሞቃት አገር ይስማማል የሚለው ነው። በዚህ ስም የሚሸጠው ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ነው። ፖሊስተር እምብዛም የማይጨማደደው ውኃ ስለማይጠጣ ነው፤ ለድሬዳዋ የማይሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። በመጠነኛ ሙቀትና እርጥበት ውስጥ ጥጥ ከክብደቱ 8 በመቶ ገደማ፣ እውነተኛ የበግ ሱፍ ደግሞ 16 በመቶ ገደማ እርጥበት በውስጡ ይይዛል፤ ፖሊስተር ግን ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው ሰውነቱ የሚያመነጨው ሙቀት ተቀምጦ ካለ ሰው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው፤ ይህ ሙቀት የሚወጣው ላቡ ሲተን ነው። ጥጥ የለበሰ ሰው ላቡ ወደ ጨርቁ ይገባና ከዚያ ይተናል፤ የድሬዳዋ አየር እንደ ጅቡቲ እርጥብ ስላልሆነ ቶሎ ይደርቃል። ጥቅጥቅ ያለ ፖሊስተር የለበሰ ሰው ግን ላቡ መሄጃ አጥቶ በጀርባው እየተንቆረቆረ ወደ ቀበቶው ይወርዳል። ልብሱ ሳይጨማደድ ይደርስ ይሆናል፤ ለባሹ ግን ታጥቦ የወጣ መስሎ ይደርሳል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ጉዳት አለ፤ እርሱም ሽታ ነው። ላብ ብቻውን ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። ሽታውን የሚፈጥሩት በቆዳ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በተለይ የብብትን ላብ ሲያብላሉት ነው። ያ ቅባትነት ያለው ነገር ፖሊስተር ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ሸሚዙ ታጥቦ ንጹሕ መስሎ ይሰቀላል፤ ለብሰውት ሰውነት ሲሞቅ ግን ሽታው ወዲያው ይመለሳል። አንድ አዲስ ተቀጣሪ ወጣት ሱቁ ሰው እስኪያጣ ጠብቆ፣ ጠዋት ጠዋት ገላውን እየታጠበ ከቀትር በፊት ለምን እንደሚሸት ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀኝ፤ በሽታ ይዞኛል ብሎ ሠግቶ ነበር። የሸሚዙን ኮሌታ ገልብጬ ምልክቱን ሳነበው 100 በመቶ ፖሊስተር ይላል። ሁለት የጥጥ ሸሚዞች ሰፋሁለት፤ ለሦስተኛው ሲመጣ ያወራን ስለ ቀለሙ ብቻ ነበር። አንድ ወጣት በገዛ ሰውነቱ እንዲያፍር ያደረገው ሻጭ «ይህ ለሙቀት ነው» ብሎ የሰጠው ጨርቅ መሆኑ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ታዲያ ሰዎች «ሱፍ ነው» ብለው እዚህ ድሬዳዋ ካለው ታይዋን ገበያ ገዝተው የሚያመጡልኝ ጨርቅ ከእውነተኛው ሱፍ ጋር በዓይን ብቻ አይለይም። መለያው ቀላል ነው፤ ማንም በቤቱ ሊያደርገው ይችላል። ከጨርቁ ጠርዝ ጥቂት ክሮች መዝዘው ያጠንጥኑ፤ በወረንጦ ይያዙና ውኃ ባለበት ሳሕን ላይ ክብሪት ያስጠጉባቸው። የበግ ሱፍ ከሆነ እንደተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ ግራጫ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ከእሳቱ ሸሽቶ ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፤ ሲበርድም በጣት የማይፈርስ ጠንካራ እንክብል ይሆናል። ቀጥሎ ጨርቁን ከአፍዎ ጋር አስጠግተው ይንፉበት፤ ትንፋሽዎ ከጀርባው ባስቀመጡት መዳፍ ላይ ከተሰማዎት የድሬዳዋ አየርም ያልፍበታል።

«ሱፍማ ያሞቃል» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። የሚያሞቀው ወፍራሙ ሱፍ ነው። በካሬ ሜትር ከ250 ግራም የማይበልጥ፣ ሽመናው ሳሳ ያለ ሱፍ አየር ያስተላልፋል፤ ቢጨማደድም በመስቀያ ላይ ሲያድር ራሱን ያስተካክላል። ዋጋው ከበደ ለሚል ደንበኛ ጥጡ ከግማሽ በላይ የሆነ ድብልቅ ጨርቅ እመክራለሁ፤ ንጹሕ ጥጥ እንደሚጨማደድ አልክድምና። ኮት የሚያሰፋ ሰው ደግሞ ከጨርቁ እኩል ስለ ገበሩ ይጠይቅ። እጅግ ስስ ሱፍ ገዝቶ ውስጡን ከላይ እስከ ታች በፖሊስተር ገበር ያስሸፈነ ሰው ላስቲክ የለበሰ ያህል ነው። ለዚህ አገር ትከሻና እጅጌ ላይ ብቻ ገበር ያለው፣ ጀርባው ክፍት የሆነ ኮት ይበቃል፤ አሰፋፉ ጥንቃቄ ስለሚፈልግ አንዳንድ ልብስ ሰፊ ሙሉ ገበር ይሻላል ብሎ ሊያሳምንዎ ቢሞክርም አይቀበሉት።

ጥቂት ጥቃቅኖችን ላንሣ። «ጥቁር ልብስ ላብ አያሳይም» ይባላል፤ እርጥበቱን ይደብቃል እንጂ ሲደርቅ የላቡን ጨው እንደ ነጭ መስመር ያወጣዋል። ላብን አብዝተው የሚያጋልጡት ግራጫና ውኃ ሰማያዊ ሸሚዞች ናቸው፤ ነጭ ከሁሉም ይሻላል። «ከናቴራ ያሞቃል» የሚለውም ልክ አይደለም፤ ስስ የጥጥ ከናቴራ ላቡን ሸሚዙ ላይ ከመድረሱ በፊት ይቀበለዋል። ሽቶ ላብ አያቆምም። ጠባብ ልብስ ዘመናዊ ያስመስል እንደሆነ እንጂ በጨርቁና በቆዳው መካከል አየር እንዳይዞር ይከለክላል። ጃንጥላ የሴት ነው የሚሉ ወንዶችም የሰኔን ፀሐይ በባዶ ራሳቸው ችለው ቢሮ ሲደርሱ ኮሌታቸው ርሶ ይታያል።

«በላብ ላይ ኮት ማውለቅ ብርድ ያስመታል» የሚለው እምነት ግን በአንድ መስመር የሚታለፍ አይደለም፤ ብዙ ኮት የሚበላሸው በእርሱ ነውና። ጉንፋን የሚይዘው በቫይረስ ነው፤ ኮት ያወለቀ ሁሉ አይታመምም። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉ በተለመደበት ከተማ ኮት ለብሶ መንገድ መጀመር ልብሱን ከውስጥ ማራስ ነው። ኮቱ በእጅ ይያዝ፤ አያያዙም እንዲህ ነው። ሁለቱን እጆችዎን በኮቱ ትከሻዎች ውስጥ ያስገቡ፤ አንደኛውን ትከሻ ወደ ውጭ ይገልብጡትና ሌላኛውን በውስጡ ያስገቡት፤ ከዚያ ኮቱን በቁመቱ አስተካክለው ገበሩ ወደ ውጭ እንደሆነ ክንድዎ ላይ ያድርጉት። አቧራውን ገበሩ ይቀበላል፤ ትከሻውም አይሰበርም። ቦርሳም በእጅ ይያዝ፤ በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ ጀርባን ያረጥባል፣ ማንገቻውም የሸሚዙን ትከሻ ያጨማድዳል።

እንደ ደረሱም ኮቱን ወዲያው አይልበሱት። ሰውነት ከእርምጃ በኋላም ሙቀቱን ለጥቂት ጊዜ ስለሚያወጣ ላቡ የሚቆመው ሰው ሲቆም አይደለም። ከሥራ መግቢያ ሩብ ሰዓት ቀድሞ ደርሶ ፊትንና አንገትን በውኃ አብሶ በጥላ የቆመ ሰው፣ ሰዓቱ ሲያልፍበት ሮጦ ከገባው ጋር አንድ መንገድ ሄዶ እንኳ ልብሱ አንድ አይሆንም። ለመንገዱም ምርጫ አለ። ከዚራ ቀጥ ያሉና በዛፍ የተሸፈኑ መንገዶች ስላሉት በዚያ በኩል ትንሽ ቢዞሩ ያዋጣል፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ በተዘረጋ መንገድ ላይ ጠዋት የሚሄድ ሰው በምሥራቅ በኩል ካሉት ሕንፃዎች ሥር ቢይዝ ጥላው ያገኘዋል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በምዕራብ በኩል ካሉት።

የነጭ ሸሚዝ ብብት ቢጫ ሲሆን «ላቡ ነው፤ በረኪና ይነቅለዋል» የሚሉ ሰዎች ሸሚዞቻቸውን ራሳቸው ይገድላሉ። ቢጫው በአብዛኛው የሚመጣው ላብን በሚቀንሱ ዲኦዶራንቶች ውስጥ ያለው የአሉሚኒየም ጨው ከላቡ ጋር ሲገናኝ ነው። በረኪና እንዲህ ያለውን ነጠብጣብ ይበልጥ ቢጫ ሊያደርገው ይችላል፤ ፖሊስተር ያለበትንም ጨርቅ ሊያወይበው ይችላል፤ ሱፍና ሐርን ደግሞ ጨርሶ ይበላል። የሚሻለው ልብሱ እንደወለቀ ብብቱን በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ማሸት፣ የቆየ ከሆነም በውኃ በቀጠነ ነጭ አቼቶ ዘፍዝፎ ማቆየትና ከዚያ ማጠብ ነው፤ አቼቶና በረኪና ግን መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጡ ከቶ አይቀላቀሉ። ዲኦዶራንቱ ሳይደርቅ ሸሚዝ መልበስም ይቅር። ከሁሉ በላይ ያላበውን ሸሚዝ ሳያጥቡ መተኮስ ነውር ነው፤ የካውያው ሙቀት ነጠብጣቡን በጨርቁ ውስጥ ያጸናዋል። ኮትና የሱፍ ሱሪ ግን በየለበሱት ቁጥር አይታጠብም፤ በሰፊ መስቀያ ሰቅለው አየር ያስመቱት፣ ከላይ ወደ ታች ይቦርሹት፤ ሲተኩሱትም እርጥብ ጨርቅ ጣል ያድርጉበት፤ አለዚያ ካውያው በቀጥታ የነካው ቦታ ይላጋል።

ጫማን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። በቢሮ ጫማ ረጅም መንገድ መሄድ እግርንም ጫማንም ይጎዳል፤ የመሄጃ ሸራ ጫማ አድርጎ የቢሮውን ጫማ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የቆዳ ጫማ ከእግር ላብ የሚደርቅበት ቀን ስለሚፈልግ ሁለት ጥንድ እያፈራረቁ መጫማት ለሁለቱም ዕድሜ ይጨምራል።

በመጨረሻ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ለሥራ ለሚወርዱ ደንበኞቼ አንድ ነገር ልበል። «ሐረር ላይ ያላላበኝ ልብስ እዚህም አያልበኝም» የሚሉት ሐረር ወደ 1,900 ሜትር፣ ድሬዳዋ ደግሞ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ መሆናቸውን ዘንግተው ነው። የደንገጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ሙቀቱ በየመቶ ሜትሩ ይጨምራል፤ ኮቱን መኪናው ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ያውልቁት፣ በላይዎ ላይ ታጥፎ እንዳይወርድም ከላይ ባስረዳሁት አኳኋን ክንድዎ ላይ ያድርጉት። ለሁለቱም ከተማ የሚሆን አንድ ልብስ የሚፈልግ ሰው ስሱን ሱፍ፣ ግማሽ ገበር ባለው ኮት ያሰፋ፤ ለሐረር ማለዳ ብርድ ሹራብ ከሥሩ ይጨምርበታል።