ሽሞንሟናዬ፦ አድማጭ ያልተለየው የኃይሉ መርጊያ አልበም

በ1985 ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን አካባቢ በሚገኝ አንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ብቻውን ገብቶ አንድ ካሴት ቀዳ። አብሮት ዘፋኝ አልነበረም። ከበሮ መቺም፣ ባስ ተጫዋችም አልነበረም። የነበረው እሱ፣ አኮርዲዮኑ፣ ሮድስ የሚባለው ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥረው ሙግ ሲንተሳይዘርና ምቱን የሚያወጣው ድራም ማሽን ነው። የተጫወታቸው ዜማዎች ደግሞ አብዛኞቹ ሰው ቀድሞ የሚያውቃቸው ናቸው። ሽሞንሟናዬ፣ አምባሰል፣ ሽለላ፣ ላሎዬ፣ ወገኔ፣ ሐሪ መሩ መሩ። ካሴቱ ከመጀመሪያው ዜማው የተነሳ «ሽሞንሟናዬ» እየተባለም ይጠራል። ዛሬ ከተሠራ አርባ ዓመት አልፎታል። አሁንም ይሰማል፣ ይገዛል፣ ወጣቶች እንደ አዲስ ያገኙታል። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኃይሉ በ1946 ደብረ ብርሃን አካባቢ ተወለደ። ልጅ ሳለ አዲስ አበባ መጣ። በአሥራዎቹ ዕድሜ ወደ ጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ገባ፤ አኮርዲዮንንም በራሱ ጥረት ተማረ። ያን ጊዜ አኮርዲዮን በየምሽት ክበቡ የሚሰማ ተወዳጅ መሣሪያ ነበር። ኋላ ኤሌክትሪክ ኦርጋን ሲመጣ ቦታውን ለቀቀ። ኃይሉም ወደ ኦርጋን ዞረ፤ በዚያም ስሙ ተተከለ።

ኃይሉ የተጫወተበትን ዋልያስ ባንድን ያወቀ ሰው ይህን ታሪክ ያውቃል። ባንዱ ለዓመታት አዲስ አበባ ሒልተን ተጫውቷል። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለነበር ታዳሚው ሌሊት ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም። ስለዚህ ሙዚቃው እስኪነጋ ይቀጥላል። እንዲህ ያለ ሌሊት ዘፋኝ ብቻውን አይዘልቀውም። ባንዱ ቃል የሌለው ሙዚቃ በብዛት ማዘጋጀት ነበረበት፤ ዜማውን እያሳደገ፣ እየመላለሰ፣ ሰውን ሳያሰለች። ግጥም የሌለው ሥራ ሳንሱርም ብዙ አይዘው ነበር። በ1977 ዋልያስ ያወጡት «ቸ በለው» የተባለው ሸክላ የዚያ ልምድ ፍሬ ነው። «ሙዚቃዊ ስልት» የሚለው ዝነኛ ሥራም እዚያ ላይ ይገኛል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ሠራ።

በ1981 ዋልያስ አሜሪካ ለሥራ ሄዱ። ጉዞው ሲያበቃ ገሚሱ ተመለሰ፣ ገሚሱ እዚያው ቀረ። ኃይሉ ከቀሩት ነበር። ዋሽንግተን ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ዙላ ባንድን አቋቁሞ ለአበሻው ተጫወተ፤ በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲም ሙዚቃ ተማረ። የአዲስ አበባው ትልቅ ባንድ ግን አልነበረም። የድሮውን አኮርዲዮን መልሶ ለማሰማት ሲነሳ በእጁ የነበረው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አደረጋቸው።

የአልበሙ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ትንሽ ላቆይበት። አኮርዲዮን በአየር የሚነፋ የብረት ምላስ አለው። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ እንደ ሰው ይተነፍሳል። ሙግ ሲንተሳይዘር ደግሞ ብዙዎቹ ሞዴሎቹ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣሉ። ለአውሮፓ ሙዚቃ ይህ ጉድለት ሊመስል ይችላል። ለኛ ግን አይደለም። የኛ ዜማ በማሲንቆም ሆነ በዋሽንት በአንድ መስመር የሚሄድ፣ እየተጠማዘዘ የሚያጌጥ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፣ ሁሉም ባምስት ድምፅ የሚጫወቱ ቅኝቶች ናቸው። ጌጡ የሚመጣው ከድምፆቹ ብዛት ሳይሆን ከአንዱ ወደ ሌላው ከሚኬድበት መንገድ ነው። ኃይሉ ይህን በጣቱ ያውቀዋል። ስለዚህ ሙጉ በእሱ እጅ ሲገባ እንደ ማሲንቆ ያንጎራጉራል። ሮድሱ ከሥር ይንከባለላል። ድራም ማሽኑ ቀላል ምቱን ያለማቋረጥ ይመታል፤ አይደክምም፣ አይቸኩልም።

ያ ድክም የማይል ምት መጀመሪያ ላይ የሚከብደው ሰው አለ። በነፍስ በተመታ ከበሮ ላደገ ጆሮ ደረቅ ይመስላል። ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ሲሰማ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ምቱ ስለማይለወጥ የዜማው ትንሽ ለውጥ ሁሉ ጎልቶ ይወጣል። አኮርዲዮኑ አንዲት ድምፅ ቢያዘገይ ይታወቃል። ብቸኝነትም አለበት። ቀድሞ ሙሉ ባንድ የሚያወጣውን ድምፅ አንድ ሰው ከሀገሩ ርቆ፣ አንዱን መሣሪያ በሌላው ላይ እየደረበ ሲሠራው ይሰማል። ለእኔ የአልበሙ ትልቁ ኃይል ይሄ ነው። ስደትን በቃል ሳይናገር ያሰማል።

ሥራው በሀገር ቤት ካሴት ሆኖ ተሰራጨ። ያን ጊዜ ሸክላ ከገበያ ወጥቶ ሁሉም ነገር በካሴት ነበር። ካሴት በርካሽ ይባዛል፣ በመኪና ይጫወታል፣ በየሙዚቃ ቤቱ ይሸጣል። ቃል የሌለው ሙዚቃ ደግሞ የትም ይገባል፤ ቡና ሲፈላ፣ ጠጅ ቤት ወሬ ሲደራ፣ ረጅም መንገድ ሲነዳ። አድማጩ ዜማውን ስለሚያውቀው ግጥሙን ራሱ ይሞላል። «ሽሞንሟናዬ»ን ሰምቶ አብሮ ያላንጎራጎረ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ስለዚያ ዘመን ሙዚቃ ግን አንድ የቆየ ቅሬታ አለ። ሳክስፎኑና ትራምፔቱ ጠፋ፣ ትልልቆቹ ባንዶች ተበተኑ፣ ሁሉን ነገር ኪቦርድ ዋጠው ይባላል። ከ1997 ጀምሮ የወጣው «ኤትዮፒክስ» የተሰኘው የፈረንሳይ ተከታታይም የዓለምን ጆሮ በዋናነት ወደ ሥልሳዎቹ መጨረሻና ሰባዎቹ መጀመሪያ ነበር ያዞረው። ከዚያ በኋላ የመጣው የካሴት ዘመን እንደ ውድቀት ታየ። ቅሬታው ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፤ ለይስሙላ የተሠራ የኪቦርድ ሙዚቃ ሞልቶ ነበር። ሆኖም ይህ አልበም ጥፋቱ የመሣሪያው እንዳልሆነ ያስረዳል። ዜማውን የሚያውቅ እጅ ካገኘ ድራም ማሽንም ሀገርኛ ይሆናል። በዚህ ነጥብ ላይ መከራከር ካስፈለገ ክርክሩን ይህ ካሴት ብቻውን ይጨርሰዋል ብዬ አምናለሁ።

ኃይሉ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ መድረክ ተወ። ኋላም ታክሲ መንዳት ጀመረ። ዋሽንግተን አካባቢ ባለው ደለስ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ እስኪመጣ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ሙዚቃውን ትቶ አያውቅም ማለት ነው፤ የተወው መድረኩን ነው።

ካሴቱን እንደገና ያነሳው ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ነው። «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በሚል ስም የአፍሪካ ካሴቶችን ሲያሰባስብ የኖረ ሰው ነው። ባሕር ዳር ሄዶ ሳለ ይህን ካሴት አገኘ፣ ሰማው፣ ወደደው። ባለቤቱን አፈላልጎም በስልክ አገኘው። በ2013 አልበሙ በሸክላና በሲዲ እንደገና ወጣ። ሕጋዊ ስምምነት ተደርጎ፣ የሙዚቃው ባለቤት ተጠይቆ መውጣቱ ሊነሳ የሚገባው ነገር ነው። ከአፍሪካ የተወሰደ ስንት ሙዚቃ ባለቤቱ ሳያውቅ ተሸጧል!

ከዚያ በኋላ አማርኛ የማያውቅ አድማጭ በብዛት መጣ። እሱ «ሽሞንሟናዬ»ን ከነግጥሙ አያውቀውም፤ በልጅነቱ አልሰማውም። ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሚወድ ሆኖ ሙጉንና ድራም ማሽኑን ሰምቶ ነው የቀረበው። አንዳንዱ የወደፊት ሙዚቃ መሰለው፣ ሌላው በጣም የቆየ ነገር። የኛ ሰው በተቃራኒው ከዜማው ተነስቶ ወደ ማሽኑ ይደርሳል። ሁለቱም በየበራቸው ገብተው አንድ ቤት ይገናኛሉ። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ በኃይሉ መድረክ ፊት እስክስታ የሚመታ አበሻና ዓይኑን ጨፍኖ የሚወዛወዝ ፈረንጅ ጎን ለጎን ቢቆሙ አይገርምም።

የአድማጩ ፍቅር ለኃይሉ ሁለተኛ የሙዚቃ ሕይወት ሰጠው። በሰባ ዓመቱ አካባቢ ዓለምን እየዞረ መጫወት ጀመረ። በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ» ወጡ። «ወደ ሐረር ጉዞ»ም በ2016 ለሁለተኛ ጊዜ ታትሟል። ለአዲስ አድማጭ የምመክረው ግን መጀመሪያ «ሽሞንሟናዬ»ን፣ ቀጥሎ «ወደ ሐረር ጉዞ»ን እንዲሰማ ነው፤ ብቻውን የሚሠራው ሰው በሙሉ ባንድ መካከል ምን እንደነበር ያኔ ይገባዋል። «ላላ በሉ»ን ሲጨርስ የመጨረሻውን «የፍቅር እንጉርጉሮ»ን እንዳያልፈው። እዚያ ላይ ኃይሉ የሚጫወተው በፒያኖ ብቻ ነው።