ለአሜሪካ አረጋውያን የሚሰጥ የምግብ እርዳታ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአሜሪካ አነስተኛ ገቢ ያላቸው አረጋውያን የሚያገኙት የምግብ እርዳታ ከአንድ ካዝና የሚወጣ አይደለም፤ ከሚሰሙት ስሕተቶች ብዙዎቹም የአንዱን ፕሮግራም ደንብ ከሌላው ጋር ከማምታታት የሚመጡ ናቸው። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«እኔ ከወሰድኩ ከእኔ የባሰው ይቀርበታል።»

መነሻው ደግነት ቢሆንም፣ ይህ አስተሳሰብ ቀድሞ ፉድ ስታምፕ ይባል ለነበረውና ከ2008 ጀምሮ ስናፕ ለሚባለው፣ ለምግብ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ለሚሰጠው ትልቁ ፕሮግራም አይሠራም። ስናፕ መስፈርቱን ላሟላ ሁሉ በሕግ የተረጋገጠ መብት ስለሆነ፣ አመልካቹ ሲበዛ ወጪው ያድጋል እንጂ አንዱ የሌላውን ድርሻ አይሻማም። ሲኤስኤፍፒ በተባለው፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በየወሩ የታሸገና ደረቅ ምግብ በሚያድለው ፕሮግራም ግን አባባሉ ከፊል እውነት አለው። በዚህ ፕሮግራም ኮንግረስ በየዓመቱ በሚመድበው ገንዘብ ልክ ለየክፍለ ግዛቱ የተወሰነ የተረጂ ቁጥር ስለሚደለደል፣ ቦታው ከሞላ ተመዝግቦ ተራ መጠበቅ ግድ ነው። ቢሆንም «ይቅርብኝ» ማለት እዚህም ሌላውን ላይጠቅም ይችላል፤ የተደለደለለትን ቁጥር ሳይጠቀምበት የቀረ ክፍለ ግዛት በሚቀጥለው ዓመት ሊቀነስበት ይችላልና።

«ሲኤስኤፍፒ የእናቶችና የሕፃናት ነው።»

በ1969 ሲጀመር እነሱን ያገለግል ነበር። በ2014 የወጣው የግብርና ሕግ ግን ፕሮግራሙን ለአረጋውያን ብቻ አድርጎታል። ስናፕ የሚቀበል ሰውም ይህንን ደርቦ ማግኘት ይችላል።

«የራሱ ቤት ያለውና ሶሻል ሴኩሪቲ የሚከፈለው ሰው ስናፕ አያገኝም።»

የሚኖሩበት ቤት እንደ ንብረት አይቆጠርም። ሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት የጡረታ ክፍያ) በገቢነት የሚቆጠር ቢሆንም፣ 60 ዓመት የሞላው ሰው ያለበት ቤተሰብ የሚመዘነው በጠቅላላ ገቢው ሳይሆን የተፈቀዱ ወጪዎች ተቀንሰው በሚቀረው ነው። ከእነዚህም አንዱ አረጋዊው ከኪሱ የሚከፍለው፣ በወር ከ35 ዶላር በላይ የሆነ የሕክምና ወጪ ሲሆን፣ መድኃኒት፣ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ ሌላው ቀርቶ ወደ ሐኪም የሚያደርስ ትራንስፖርት ይካተታል። ደረሰኝ ሳይዙ ማመልከት ብዙውን ጊዜ ከሚገባው ያነሰ ገንዘብ መቀበል ማለት ነው።

«በአረጋውያን ማዕከል ምሳ ለመብላት ድህነትን ማስመስከር ያስፈልጋል።»

በ1965 በወጣው የአሜሪካ አረጋውያን ሕግ ላይ በ1972 የተጨመረው የምግብ አገልግሎት 60 ዓመት ለሞላው ሁሉ ክፍት ነው፤ የገቢ ማጣሪያ የለውም፤ መዋጮውም በፈቃደኝነት የሚሰጥ በመሆኑ ያልከፈለ አይከለከልም። ሕጉ ግን ችግራቸው ለበረታባቸው ቅድሚያ እንዲሰጥ ያዛል፤ በጀቱም የተወሰነ በመሆኑ ቤት ድረስ ለሚመጣው ምግብ ወረፋ የሚጠበቅባቸው አካባቢዎች አሉ።

«60 ዓመት ከሞላኝ የሥራ ግዴታው አይመለከተኝም።»

ይህ እስከ ቅርብ ጊዜ ትክክል ነበር። በሐምሌ 2025 የጸደቀው ሕግ ግን ስናፕን ለማግኘት የሚጠየቀውን በወር 80 ሰዓት የመሥራት ወይም የመሠልጠን ግዴታ እስከ 64 ዓመት አራዝሞታል። ግዴታውን ያላሟላ ሰው በ3 ዓመት ውስጥ ከ3 ወር በላይ አይረዳም፤ በጤና ምክንያት መሥራት የማይችል ግን ነፃ ስለሆነ፣ ሁኔታውን በማመልከቻው ላይ መግለጽ ይኖርበታል።