የወሊድ ምጣኔ ምንድን ነው? ደግሞስ ምን አይደለም?

ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ አንድ ተንታኝ ስለ ጃፓን ያወራል። «የጃፓን እናት በአማካይ 1.15 ልጅ ብቻ ነው የምትወልደው፤ መንግሥት ገንዘብ ጨምሮ 2.1 ቢያደርሰው ሀገሪቱ በማግስቱ ከእርጅና ትድናለች» አለ። ሹፌሩ «ነጥብ አስራ አምስቱ ምኑ ነው፣ እግሩ?» ብሎ ሳቀ። ከተንታኙ ይልቅ እሱ ለነገሩ ቀርቧል። እኔ ግን ሥራዬ እነዚህን ቁጥሮች መደመር ነውና መሳቅ አቃተኝ።

1.15 የጃፓን የ2024 ጠቅላላ የወሊድ ምጣኔ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከቤተሰብ ምጣኔ ጋርም አታምታቱብኝ፤ ያኛው እንክብልና መርፌ ነው።) በዚያ ዓመት የ15 ዓመት ሴቶች በነፍስ ወከፍ ስንት ወለዱ፣ የ16ቶቹስ፣ እየተባለ እስከ 49 ይኬዳል። ከዚያ ይደመራል። ድምሩ የማንም እውነተኛ ሴት አይደለም። ዕድሜዋን ሁሉ 2024 ውስጥ የምትኖር፣ ወረቀት ላይ ብቻ ያለች ሴት ናት።

ቡና አስቡ። እንግዶቹ እኩል አልመጡም። አንዷ አቦል ላይ ናት፣ ሌላዋ ቶና፣ ሦስተኛዋ በረካ ጨርሳ ልትነሳ ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ በዚያች ቅጽበት የተነሳውን ስኒ ብቻ ቆጥሬ «እዚህ ቤት ሰው ይህን ያህል ይጠጣል» እላለሁ። ያን ዕለት ሁሉም አርፍደው ከመጡ ቁጥሬ ይወርዳል። አልጠጡም ማለት ግን አይደለም፤ ገና ናቸው። በ1975 ጃፓናዊት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው በአማካይ 26 ሳይሞላት ነበር። አሁን 31 ሆኗል። የቁጥሩ መውረድ ከፊሉ ይኸው ማርፈድ ነው። ከፊሉ አልኩ እንጂ ሁሉም አላልኩም፤ ጨርሶ የቀረውም ብዙ ነው።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ 1966ን እዩ። በጃፓን የዘመን አቆጣጠር በየ60 ዓመቱ ሂኖኤ-ኡማ የሚባል የእሳት ፈረስ ዓመት ይመጣል። በዚያ ዓመት የተወለደች ሴት ባሏን ትበላለች ይባላል። ወላጆች ሴት ልጅ እንዳትመጣባቸው ፈርተው ታቀቡ፤ ምጣኔው ወደ 1.58 ወረደ። በማግስቱ ዓመት 2.23 ሆነ። የጃፓን ሴቶች ሐሳባቸውን በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቴ ቀየሩ? አልቀየሩም። ጊዜውን ነው ያሸሹት። በኋላ በ1989 ያለ ምንም ፈረስ 1.57 ሲመጣ ነው ሀገሩ የደነገጠው። እስከ ዛሬ «የ1.57 ድንጋጤ» ይሉታል።

«ምጣኔው ከፍ ካለ ሕዝቡ ይጨምራል» የሚለው ደግሞ ያንገበግበኛል። በ2005 የጃፓን ምጣኔ 1.26 ነበር። በ2022ም 1.26። የተወለዱት ሕፃናት ግን በ2005 ከ1 ሚሊዮን 60 ሺህ በላይ፣ በ2022 ደግሞ 770 ሺህ ገደማ። የቀሩት የት ገቡ? እናቶቻቸው ራሳቸው አልተወለዱም። ከ1971 እስከ 1974 በየዓመቱ 2 ሚሊዮን ገደማ ልጅ ይወለድ ነበር። እነዚያ ሴቶች በ2005 ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ፤ በ2022 ሃምሳ አካባቢ ደርሰዋል። ከኋላቸው ያለው ትውልድ ሳስቷል። ስኒው በሰው ያው ነው፤ ያነሰው የተቀመጠው ሰው ነው። ስለዚህ ምጣኔው ነገ ልጆች የወላጆቻቸውን ቦታ ለመተካት ወደሚበቁበት 2.07 ቢገባ እንኳ ሕዝቡ ለረጅም ጊዜ መቀነሱን አያቆምም። (ለጃፓን 2.07 ነው እንጂ 2.1 አይደለም። ሕፃናት በብዛት በሚሞቱበት ሀገር ደግሞ ከዚያም በላይ ያስፈልጋል።) በ2024 የተወለዱት 686 ሺህ ሲሆኑ የሞቱት 1.6 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ሁለቱም የጃፓን ዜጎችን ብቻ የሚቆጥሩ ናቸው፤ ይሄንንም ማንም አይናገርም።

አሁን ወደ «እናት» እንምጣ። ምጣኔው የሚካፈለው ለሴቶች ሁሉ ነው፣ ለወለዱትም ላልወለዱትም። በ2021 በተደረገ ብሔራዊ ጥናት፣ ከ15 እስከ 19 ዓመት በትዳር የቆዩ ጥንዶች በአማካይ 1.90 ልጅ ነበራቸው። ያን ያህል የሚያስደነግጥ አይደለም። ጃፓን ውስጥ ከጋብቻ ውጭ የሚወለደው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ እስከ 50 ዓመታቸው አንዴም ያላገቡት ደግሞ በ2020 ከወንዶቹ 28፣ ከሴቶቹ 18 በመቶ ግድም ደርሰዋል። መንግሥት ለተቀመጡት እንግዶች ፈንዲሻ ያበዛል፤ ብዙው ሰው ግን ደጁን አላለፈም። ቋሚ ሥራ የሌለው ወንድ ትዳር ይፈራል። ሴቷም ከሥራ ውላ ስትገባ ቤቱ ሙሉ በሙሉ እሷን እንደሚጠብቅ ታውቃለች። የቶኪዮ አስተዳደር በ2024 የራሱን የመተጫጫ አፕ በመክፈቱ ሲስቁበት ሰምቻለሁ። ቢያንስ ችግሩ በር ላይ እንዳለ ገብቶታል። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ቀጠነ፣ በረካ ደርሷል፤ ተውት።

ቶኪዮን ካነሳን አይቀር፣ ምጣኔዋ በ2024 0.96 ነበር። ከተማዋ ግን አልጠፋችም፤ ወጣቱ ከየክፍለ ሀገሩ ይጎርፍባታል። ለሥራ የመጣች ያላገባች ልጅ ደግሞ አካፋዩ ውስጥ ትገባና ቁጥሩን ታወርዳለች። «እኛን አይነካንም» ለሚሉ፦ በ2005 የኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ለአዲስ አበባ ያገኘው 1.4 ነው። አዲስ አበባ ባዶ ሆነች?

በተቃራኒው ናጊን እየጠቀሱ «መፍትሔው ተገኘ» የሚሉ አሉ። ናጊ ኦካያማ ውስጥ ያለች 6 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት፤ በ2019 2.95 አስመዝግባለች። ለልጅ የምታደርገው ድጋፍ ያስቀናል። ግን እንዲህ ባለ ትንሽ ቦታ ጥቂት ሕፃን ሲጨመር ቁጥሩ ይዘላል። ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ድጋፉን ፈልገው ሲገቡም እንዲሁ።

እርጅናው ራሱ ሌላ ሒሳብ ነው። 65 ዓመት ያለፋቸው ከሕዝቡ 29 በመቶ ናቸው። ዛሬ የተወለደ ሕፃን ሥራ የሚይዘው ከ20 ዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ራሱም ተጧሪ ነው። ጃፓን ለአሁኑ የያዘችው በ2000 የጀመረችውን የአረጋውያን እንክብካቤ መድን፣ በ2019 ለሠለጠኑ የውጭ ሠራተኞች የከፈተችውን ቪዛ፣ ቀጣሪዎች ሰውን እስከ 70 ዓመት እንዲያቆዩ ከ2021 ጀምሮ የምትገፋበትን ሕግ ነው። እነዚህ 1.15ን ንቅንቅ አያደርጉትም። ሥራቸውም እሱ አይደለም።

2026 ደግሞ እንደገና የእሳት ፈረስ ዓመት ነው። የዓመቱ ምጣኔ በ2027 አጋማሽ ሲወጣ፣ ቢወርድም ባይወርድም፣ ያ ተንታኝ ምን እንደሚል ከወዲሁ ይሰማኛል። ያን ቀን በእግሬ ነው የምሄደው።