ፍላንጀርና ቾረስ ምንድን ናቸው? «ያጠረ ኢኮ ነው» ለምትሉ

«ቾረስ እኮ ያጠረ ኢኮ ነው።»

ይህን ነገር ጎንደር ውስጥ ያልሰማሁበት ቦታ የለም። ሠርግ ላይ ኪቦርድ የሚጫወቱ ልጆች ይሉታል። ስቱዲዮ የከፈቱም ይሉታል። ቾረስም ፍላንጀርም ድምፅን ጥቂት ከዘገየ ቅጂው ጋር የሚደምሩ የሙዚቃ ኢፌክቶች ናቸው። ሰሞኑን ደግሞ የሞዱላር ሲንተሳይዘር (ክፍሎቹ በኬብል የሚገናኙ ሲንተሳይዘር) ነገር ሲነሳ አንድ አስተያየት ሰጪ እንዲህ ብሎ ዘጋው፦ «ዲሌዩን (መዘግየቱን) 20 ሚሊሰከንድ ላይ አቁመው፣ ቾረስ ነው። 3 ላይ አቁመው፣ ፍላንጀር ነው። ኤልኤፍኦው ጌጥ ነው።»

ወንድሜ፣ ጌጥ ያልከው ራሱ ዋናው ነው። «አቁመው» ስትል ቾረሱንም አብረህ አቆምከው።

ኤልኤፍኦ ሌላ ነገርን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያወዛውዝ ዝግተኛ ሞገድ ነው፣ ኬብሉ የት እንደሚሰካ ታውቃላችሁ ብዬ አልፌዋለሁ። የሚያከራክረን ድምፁ መዘግየቱ አይደለም። የመዘግየቱ ጊዜ መለዋወጡ ነው።

አናሎግ ፍላንጀርም ሆነ ቾረስ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ቢቢዲ (የባልዲ ሰልፍ እንደማለት) የሚባል ቺፕ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. ፊሊፕስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሳንግስተርና ቴር ያወጡት ሐሳብ ነው። ውስጡ ተራ በተራ የተደረደሩ ካፓሲተሮች (ቻርጅ የሚይዙ ክፍሎች) አሉ። ኤምኤን3007 የሚባለውን ብንወስድ 1024 ናቸው።

ውሃ በፈረቃ ለለመደ የከተማችን ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። ቦቴው መንገዱ ላይ ቆሟል እንበል። ከቦቴው እስከ ግቢው በርሜል ድረስ ጎረቤቱ ተሰልፏል። እያንዳንዱ ሰው ፊት አንድ ባልዲ አለ። አንድ ሰው ያጨበጭባል። ባጨበጨበ ቁጥር ሰው ሁሉ በባልዲው ያለውን ወደ ቀጣዩ ባልዲ ይገለብጣል። ባልዲው ከቦታው አይነሳም፣ የሚሄደው ውሃው ነው። ባልዲው ካፓሲተር ነው፣ ጭብጨባው ክሎክ፣ ማለትም ቺፑን የሚያራምደው ምት፣ ነው። በባልዲው ያለው የውሃ መጠን ደግሞ ድምፁ በዚያች ቅጽበት የነበረው ቮልቴጅ ነው።

ሙሉ ባልዲ ላይ ሌላ ውሃ መገልበጥ አይቻልም። ስለዚህ ከሁለት ባልዲ አንዱ ሁልጊዜ ባዶ ሆኖ ይጠብቃል፣ በየጭብጨባውም ይፈራረቃሉ። አንድ የክሎክ ዙር ሁለት ጭብጨባ ነው። የመዘግየቱን ጊዜ ለማግኘት የባልዲዎቹን ቁጥር ለክሎኩ እጥፍ ታካፍላላችሁ። 1024 ባልዲ በ100 ኪሎኸርዝ ክሎክ 5.12 ሚሊሰከንድ ይሰጣል። በ10 ኪሎኸርዝ 51.2 ሚሊሰከንድ ይሰጣል። ሰልፉ አልረዘመም፣ ሰውም አልተጨመረም። የተቀየረው የጭብጨባው ፍጥነት ብቻ ነው። በሞዱላር ላይ ይህን ክሎክ በቮልቴጅ ነው የምናዘው።

አሁን ወደ ክርክራችን። አጨብጫቢው ፍጥነቱን ሳይቀይር ያጨብጭብ። ቀስ ይበል ወይም ይፍጠን፣ ለውጥ የለውም። ውሃው በገባበት ፍጥነት ይወጣል። ድምፁ ይዘገያል እንጂ ቃናው አይነካም። ከጥሬው ድምፅ ጋር ስትደምሩት አንዳንድ ፍሪኩዌንሲዎች ይጠፋሉ፣ አንዳንዶቹ ይጎላሉ። መዘግየቱ 1 ሚሊሰከንድ ከሆነ 500፣ 1500፣ 2500 ኸርዝ ላይ ይጠፋል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ኮምብ ፊልተር የሚባለው ይህ ነው። የድምፁ መልክ ተቀየረ፣ አለቀ። ቾረስ የለም፣ ፍላንጀርም የለም።

አጨብጫቢው መሃል ላይ ማፍጠን ቢጀምርስ? በቀስታ የገባው ውሃ ገና ሰልፉ ላይ ነው። አሁን በፍጥነት ይወጣል። ቀስ ብሎ የተቀዳ ድምፅ ተፋጥኖ ሲጫወት ምን ይሆናል? ቃናው ወደ ላይ ይወጣል። ማቀዝቀዝ ሲጀምር ቃናው ይወርዳል። ቃናውን የሚያዛውረው እንግዲህ የፍጥነቱ መለወጥ ነው። ሁልጊዜ በፍጥነት የሚያጨበጭብ ሰው ቃናውን አንዲት ሳንቲም አያነሳውም። አስተያየት ሰጪው የሳተው ይህችን ነው። ኤልኤፍኦው አጨብጫቢውን የሚያፈጥነውና የሚያቀዘቅዘው እጅ ነው።

ቁጥርም አለው። መዘግየቱ 20 ሚሊሰከንድ ዙሪያ በ2 ሚሊሰከንድ ወደ ላይና ወደ ታች ይበል፣ ኤልኤፍኦው በሰከንድ አንዴ ይዙር፣ ቅርጹ ሳይን (ለስላሳ ንጹሕ ሞገድ) ይሁን። ቃናው ቢበዛ በ1.26 በመቶ ገደማ ይዛወራል። ይህ 22 ሴንት አካባቢ ነው፣ ግማሽ ድምፅ ደግሞ 100 ሴንት ነው። የኤልኤፍኦውን ፍጥነት (ሬቱን) እጥፍ ብታደርጉት፣ ዴፕዙን (የመወዛወዙን ስፋት) ባትነኩትም እንኳ የቃናው መዛወር እጥፍ ይሆናል። «ሬቱን ጨመርኩት፣ ድምፁ ሰከረ» የሚሉ አሉ። ሬት ሲጨመር ዴፕዝ መቀነስ አለበት። በተለይ አንቺ ሆዬ ቅኝት ላይ ይህን አደራ እላለሁ። እዚያ ውስጥ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ኖታዎች አሉ። ቾረሱ ሲበዛ ሁለቱ ይቀላቀሉና ቅኝቱ መልኩን ያጣል። እንደዚያ ሆኖ ስሰማ ጆሮዬን ያመኛል።

ታዲያ ፍላንጀርና ቾረስ ሰርኪዩታቸው አንድ ከሆነ ለምን ሁለት ስም? ልዩነቱ ጆሮ የሚሰማው ነገር ላይ ነው። የሚጠፉት ፍሪኩዌንሲዎች ምን ያህል ይራራቃሉ የሚለውን አስሉት። በ1 ሚሊሰከንድ በ1000 ኸርዝ ይራራቃሉ። ጆሮ እያንዳንዳቸውን ይለያል፣ ሲንሸራተቱም ይከተላቸዋል። ያ «ሽውው» የሚለው የፍላንጀር ድምፅ ይህ ነው። ከውጤቱ ጥቂት ወደ መግቢያው ስትመልሱ፣ ማለትም ፊድባክ ስትጨምሩ፣ ይበልጥ ይሾላል። በ20 ሚሊሰከንድ ግን በ50 ኸርዝ ብቻ ነው የሚራራቁት። ጆሮ ለያይቶ መስማት ያቅተዋል። የሚቀርለት የቃናው መወዛወዝ ነው፣ ይህን ደግሞ ሁለተኛ ሰው እንደተጨመረ ይሰማዋል። ድንበሩ ላይ አጥር የለም። ሞዱላር ላይ አንዱን ኖብ እያዞራችሁ ከፍላንጀር ወደ ቾረስ ትሻገራላችሁ።

ለዚህም ነው ፍላንጀር ሁሉ ነገር ላይ የማይሠራው። ዋሽንትን አስገቡበት፣ ብዙም አይለወጥም። ድምፁ ጥርት ያለ ስለሆነ ፊልተሩ የሚቆርጠው ብዙ ነገር የለውም። ማሲንቆን አስገቡ። የጭራው ፍትጊያ፣ የዕጣኑ ሻካራነት፣ ደጋን ሲመለስ የምትሰማው ጭረት፣ ሁሉም በፍሪኩዌንሲ የታጨቀ ነው። ሽውታው ጭረቷ ላይ ሲያልፍ በደንብ ይሰማል። ሲንተሳይዘር ላይ ሶውቱዝ (የመጋዝ ጥርስ የሚመስል ሞገድ) ወይም ኖይዝ ያው ነው፣ ሳይን ላይ ግን አትድከሙ።

ፌዘር የሚባለውን ሌላ ኢፌክት ከዚህ ጋር የሚቀላቅሉም አሉ። ፌዘር ዲሌይ መስመር የለውም። በኦልፓስ ፊልተሮች (ፍሪኩዌንሲ ሳይቆርጡ ፌዙን ብቻ በሚያዛውሩ) ነው የሚሠራው፣ የሚያጠፋቸው ቦታዎችም ጥቂት ናቸው፣ እኩልም አይራራቁም።

ቾረስ ብዙ ሰው ያስመስላል ሲባልም ልክ አለው። በበዓታ ማኅሌት ሊቃውንቱ አብረው ሲያዜሙ ስሙ። አንዱ ቀደም ይላል፣ አንዱ ዘግየት ይላል፣ ቃናቸውም በጥቂቱ ይለያያል፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ሥርዓት አይወዛወዙም። አንድ ቢቢዲ ከአንድ ኤልኤፍኦ ጋር ይህን አይችልም። ዑደቱ እኩል ስለሆነ ጆሮ ቶሎ ይነቃበታል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የወጣው ሶሊና ስትሪንግ ኤንሰምብል የተባለ ኪቦርድ 3 የቢቢዲ መስመር የያዘው ለዚህ ነው፣ ሦስቱም ኤልኤፍኦውን በ120 ዲግሪ (በሲሶ ዙር) ተራርቀው ይቀበላሉ። ሞዱላር ያላችሁ ደግሞ ከኤልኤፍኦው ጋር ለስለስ ያለ ራንደም ቮልቴጅ ቀላቅሉበት። እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

«ቢቢዲ ሞቅ ያለ ድምፅ አለው» ለሚሉትም ወደ ሰልፋችን እንመለስ። ውሃው በተገለበጠ ቁጥር ጥቂት ይፈስሳል። 1024 ጊዜ ሲገለበጥ የፈሰሰው ይጠራቀማል፣ ሹል የሆነው የድምፁ ክፍል ይለዝባል። ጭብጨባው ራሱ ከውሃው ጋር አብሮ ይሰማል፣ እሱን ለማጥፋት ፊልተር ይገባል። ጭብጨባው ሲዘገይ በሰከንድ የሚያልፈው ባልዲ ያንሳል። በ10 ኪሎኸርዝ ክሎክ ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለ ድምፅ ሊያልፍ አይችልም፣ ፊልተሩ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብሎ ነው የሚቆርጠው። ሞቅታ የምትሉት ባብዛኛው የጎደለው ትሬብል ነው። ለእኔም ይጣፍጠኛል፣ ግን ምን እንደሆነ አውቀን እንውደደው።

ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ባያሱን (የመነሻ ቮልቴጁን) እንዳትዘሉት። ድምፅ ከዜሮ በላይም በታችም ይሄዳል፣ ባልዲ ግን ከባዶ በታች ውሃ አይዝም። ስለዚህ በዝምታ ጊዜ ባልዲው እስከ ግማሹ ይሞላል፣ ድምፁ ከዚያ ይነሳል ይወርዳል። ከግማሽ ከበዛ ላዩ ይፈስሳል፣ ካነሰ ታቹ ይነጥፋል። ሳይን አስገቡ፣ ኦሲሎስኮፕ (የሞገዱን ቅርጽ የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ እያያችሁ ድምፁን ጨምሩ፣ ላይና ታቹ እኩል መቆረጥ እስኪጀምር ድረስ ትሪመሯን (ትንሿን ማስተካከያ) በትንሽ ትንሹ አዙሩ። ኦሲሎስኮፕ የሌለው በጆሮ ይሥራ፣ መጎርነኑ በጣም ያነሰበት ቦታ ላይ ይተዋት።

ኤምኤን3207 ስላገኛችሁ ብቻ በኤምኤን3007 ቦታ እንዳትሰኩት። ሁለቱም 1024 ባልዲ ናቸው፣ የኃይሉ ፖላሪቲ (ፖዘቲቭና ነጋቲቩ) ግን ተቃራኒ ነው። 3207 ቮልቴጁም ዝቅ ያለ ነው። የክሎክ ቺፓቸውም ይለያያል፣ አንዱ 3101 ሌላው 3102 ይፈልጋል።

በሁለት ቴፕ የሚሠራውን የድሮ ፍላንጀር፣ ሁለቱ ድምፆች ተላልፈው የሚያልፉበትን፣ በአንድ ቢቢዲ አታገኙትም። ሰልፉ ምንም ቢፈጥን ዜሮ አይደርስም። ጥሬውንም በሌላ አጭር ቢቢዲ አዘግዩት፣ ያን ጊዜ አንዱ ሌላውን መቅደም ይችላል።

ስቴሪዮ ቾረስ ላይ ደግሞ ግራና ቀኙ እንዴት እንደተሠራ እዩ። አንዳንዱ በግራ የዘገየውን ይደምራል፣ በቀኝ ይቀንሳል። በኢርፎን ሰፊና ደስ የሚል ነው። ሁለቱ ሞኖ ላይ ሲገናኙ ግን የተደመረው የተቀነሰውን ያጠፋዋል፣ ቾረሱ ጭራሽ ይጠፋል። እዚህ የማውቃቸው የሠርግ ድንኳኖች ድምፅ ማጉያቸው ሞኖ ነው። ለድንኳን ከሆነ የምትሠሩት ከአንዱ ወገን ብቻ አውጡ።