የታሪክና የዜግነት ትምህርት አሰጣጥ በሐረርና በድሬዳዋ

የ9ኛ ክፍል ታሪክ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው። ተማሪው ግን አንደኛ ደረጃን የተማረው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ፣ ሐረር ላይ ደግሞ በሐረሪ ቋንቋም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መምህሩ በአማርኛ ሲያብራራ የሚገባው እንዳለ ሁሉ፣ ዳግመኛ ትርጉም የሚፈልግ ልጅም አጠገቡ ተቀምጧል። ቁልፍ ቃላቱን፣ ከአምስት ሳይበልጡ፣ ክፍሉ በሚናገራቸው ቋንቋዎች ሁሉ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ብዙ ድካም ያቃልላል።

ቀጥሎ የሚያስቸግረው የዘመን አቆጣጠር ነው። መጽሐፉ በፈረንጆች ይቆጥራል፣ ቤት ውስጥ የሚወራው በኢትዮጵያ ነው። የጨለንቆ ጦርነት የተካሄደው በጃንዋሪ 1887 ስለሆነ 8 ተቀንሶ 1879 ዓ.ም. ይሆናል። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በዲሴምበር 1902 ስለሆነ 7 ተቀንሶ 1895 ዓ.ም. ነው። ወሩን ሳያይ ሁሌ 7 የሚቀንስ ተማሪ ጨለንቆን 1880 ያደርገዋል። የእስልምናው አቆጣጠር ሂጅራ የጨረቃ ዓመት ስለሆነ በመቀነስ ብቻ አይገኝም፤ ማመሳከሪያ ሰንጠረዥ ያስፈልገዋል።

ጨለንቆ ራሱ ከባዱ ትምህርት ነው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ድል ነሥተው ሐረርን ያዙ፤ ኋላ ራስ የሆኑት መኮንን አስተዳዳሪ ሆኑ። ለአንዱ ቤተሰብ ይህ የአገር አንድነት ነው፣ ለሌላው የነፃ አሚርነት ፍጻሜ። ሰሌዳውን ለሁለት ከፍሎ ከክርክሩ በፊት ሁለቱም ወገኖች የማይክዱትን ማስፈር ይበጃል፤ ቦታው፣ ጊዜው፣ ማን ከማን ጋር እንደተዋጋ። የግብፅ ይዞታ (1875–1885 እ.ኤ.አ.) ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ያኔ ተማሪው አሚሩ ሥልጣን ከያዙ ሁለት ዓመት እንኳ እንዳልሞላቸው ሳያውቅ ስለ ጦርነቱ ይፈርዳል። የራስ መኮንን ሐውልት ሰኔ 2012 ከፈረሰ ወዲህ ደግሞ ክፍሉ በቶሎ ይሞቃል። አንድን ልጅ ነጥሎ «እናንተ ምን ትላላችሁ?» ማለት የብሔሩ ቃል አቀባይ ያደርገዋል፤ ቡድን አሰባጥሮ ከግማሽ ክፍለ ጊዜ በኋላ አቋም ማቀያየር ይሻላል።

ከክፍል ውጭ ደግሞ ጀጎል አለ። በአሚር ኑር ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ግንብ ዙሪያው ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በአንድ ጠዋት ይዞራል። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፋላና በር ጥንታዊዎቹ ናቸው፤ ለመኪና የተከፈተውን ስድስተኛ በር ተማሪዎች ራሳቸው ይለዩት፣ ምክንያቱንም ይጻፉ። ድሬዳዋ ላይ ምንጩ መንገዱ ነው፤ ከደቻቱ ወንዝ ወዲህና ወዲያ፣ በመስመር የተቀየሰችውን የከዚራ ሰፈር ከመጋላ ሰፈር ጠባብ መተላለፊያዎች ጋር በወረቀት ላይ ንድፍ አስነሥቶ ማነጻጸር። ባቡሩ ሐረርን ትቶ ቆላ መውረዱ ከተራራው ወጪ የመጣ መሆኑ ያን ጊዜ ይገባል።

ለፖለቲካው ክፍል ሕገ መንግሥቱ ይበቃል። አንቀጽ 47 እና 49 ይታደሉና «ድሬዳዋን ፈልጉ» ይባላል። የለችም። አንቀጽ 47 ክልሎችን፣ 49 አዲስ አበባን ይመለከታል፤ ድሬዳዋ የምትተዳደረው በ1996 ዓ.ም. በወጣው ቻርተር ነው። የሐረሪ ምክር ቤትም 36 መቀመጫ አለው፤ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ፣ 22ቱ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ ናቸው። ይህን ሥራ 9ኛ ወይም 10ኛ ክፍል ላይ መስጠት ያዋጣል፤ 12ኛ ክፍል ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በሞዴል ፈተና ያልቃል፣ ምርጫ ጥያቄ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም።