ብቻን፣ በሞተር፣ ከፒያሳ ደብረ ማርቆስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሻንጣ የታሰረበት ሞተር ፒያሳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንድ ጥግ ላይ ከቆመ ሰው መሰብሰቡ አይቀርም። ሊስትሮው፣ ቡና የምታፈላዋ ልጅ፣ ታክሲ የሚጠብቀው ሁሉ አስተያየት አለው። «በዚች?» ይላል አንዱ ጎማዋን እየነካ። «ብቻህን? አብደሃል እንዴ?» ይላል ሌላው። አሳቢነታቸው ደስ ይለኛል። ግን ከሚባለው ውስጥ ብዙው ልክ አይደለም፤ አንዳንዱ ደግሞ ሰው ያስጎዳል። ስለዚህ አንድ ቀን ልውሰድ። ሞተረኛው ጠዋት ከመሀል አዲስ አበባ ይነሳል፣ በሱሉልታና በፍቼ አድርጎ አባይ በረሃን ይሻገራል፣ ማታ ደብረ ማርቆስ ያድራል። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

«ረጅም መንገድ ትልቅ ሞተር ይፈልጋል»

ረጅም ጉዞ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው 1,200 ሲሲ የሆነ፣ ግራና ቀኝ የብረት ሳጥን የተጫነበት የፈረንጅ ሞተር ነው። ያ ሞተር ነዳጅ ሲሞላ ብቻውን 250 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ጠጠር ላይ ቢወድቅባችሁ ማን ያነሳላችኋል? ሁላችንም የምናውቃት 150 ሲሲ ቦክሰር ክብደቷ የዚያ ግማሽ ያህል ነው። ብትወድቅ አንድ ሰው ያነሳታል። ጎማዋ ቢተነፍስ የትኛውም የመንገድ ዳር ጎሚስታ ከመነዳሪዋን (አየር የሚይዘውን የውስጥ ጎማ) አውጥቶ ይለጥፈዋል። ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚለኩሰው)፣ የፍሬን ሸራና የፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር የሚያዘው) ገመድ ደግሞ ቦታ ስለማይፈጁ ከሶማሌ ተራ ገዝቶ መያዝ ነው።

ዳገት ላይ ጉልበት ታጣለች የሚሉት እውነት አላቸው፤ ምክንያቱ ግን ትንሽ መሆኗ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ ሲሳሳ ለማቃጠያ የሚሆነው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ይህ በትልቁም በትንሹም ላይ ይደርሳል። ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለበት። ለዝቅተኛ አገር ተስተካክሎ ከመጣ እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ነዳጅም ይበላል። ጎበዝ መካኒክ ለአዲስ አበባ ያስተካክለዋል። ችግሩ ያው ሞተር ወደ አዋሽና አፋር ሲወርድ ይመጣል። እዚያ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ሞተሩም ይግላል። ስለዚህ ሞተር ከመቀየራችሁ በፊት የምትሄዱበትን አገር ለመካኒኩ ንገሩት።

«አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ክልክል ነው»

ገደቡ የተጣለው በ2011 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ ያኔ ከሞተር ጋር የተያያዘ ወንጀል ስለበዛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ ያላቸው ይሠራሉ፤ ዕቃ የሚያደርሱትን ሞተረኞች በየመንገዱ እናያለን። የክልል ታርጋ ይዛችሁ የምትመጡ ከሆነ ግን ከተማዋ ከመድረሳችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮውን ጠይቁ። ሕጉ ይለዋወጣል፤ የጓደኛ ወሬ አያስኬድም።

«ጠዋት ከወጣህ ማታ ጎንደር ነህ»

ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በካርታ ላይ ጣት ሲሄድ ቀላል ይመስላል። እኔ የማምነው ሂሳብ አንድ ነው፦ ዕረፍቱን፣ ከብቱን፣ ኬላውንና ምሳውን ጨምሮ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ፒያሳን የለቀቀ ሰው በዚህ ሂሳብ ከቀኑ 8 ሰዓት ደብረ ማርቆስ ይገባል። «ገና ፀሐይ እያለ ምን አቆመህ?» ይሉታል። የቆመው ፀሐይ ስላለ ነው።

ማምሻውን መንገዱ ሌላ መንገድ ይሆናል። እኛ አገር ጀንበር ከጠለቀች ወዲያው ይጨልማል፤ የምሽቱ ወጋገን አይቆይም። ከብቶች ወደ ቤታቸው የሚገቡት በአስፋልቱ ላይ ነው። የኋላ መብራት የሌለው ሲኖትራክ ከፊት ይሄዳል። ከሁሉ የምፈራው ግን ድንጋዩን ነው። የጭነት መኪና ሲበላሽ ሾፌሩ ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ይደረድራል፤ ተጠንቀቁ ማለቱ ነው። መኪናው ተሠርቶ ይሄዳል፣ ድንጋዩ ግን አስፋልቱ ላይ ይቀራል። ቀን ላይ ከሩቅ ይታያል። ማታ ግን የምታዩት መብራታችሁ ላይ ሲደርስ ነው፤ ያኔ ለሞተር ጊዜው አልፏል። ክረምት ከሆነ ደግሞ ዝናቡና በረዶው የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ነው። ማልዶ መነሳት የቀኑን ግማሽ ችግር ያስቀራል። አዲሱ ገበያ ሰፈርም ከመጨናነቁ በፊት ይታለፋል።

«ፀሐይ ነው፣ ጃኬት ምን ያደርጋል?»

ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ማለዳ ሳሩ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ውርጭ ነው። ውርጭ ባይኖርም ነፋሱ አለ። 10 ዲግሪ በሆነ አየር በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ሰውነት ላይ 4 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይሰማል። ጣት ሲደነዝዝ ፍሬንና ፍሪሲዮን መያዝ ያቅታል። ጓንት የግድ ነው የምለው ለዚህ ነው። ከአራት ሰዓት ጉዞ በኋላ አባይ በረሃ ውስጥ ላብ በላብ ትሆናላችሁ፤ ስለዚህ አንድ ወፍራም ካፖርት ሳይሆን የሚደራረብ ስስ ልብስ ይሻላል።

ሄልሜት ለትራፊክ ፖሊስ ተብሎ አይደረግም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል የተደረገ ሄልሜት የመሞት አደጋን በ40 በመቶ፣ ከባድ የጭንቅላት ጉዳትን በ70 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በትክክል የተባለው ማሰሪያው ነው። አገጭ ሥር ያልታሰረ ሄልሜት አደጋ ላይ ቀድሞ የሚወጣ ነገር ነው።

«የፊት ፍሬን አትያዝ፣ ይገለብጥሃል»

ከሁሉም በላይ የምጣላው ከዚህ ጋር ነው። አዲስ ለማጅ ሞተር ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር ይህ ነው። በዚህ ምክር የኋላውን ብቻ እየረገጠ ዓመታት የሚነዳ አለ። ድንገት ልጅ ሲገባበት ጎማው ይቆለፋል፣ ሞተሩ ይንሸራተታል፣ ይወድቃል። ከዚያም «ፍሬን እምቢ አለኝ» ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል። የፊት ጎማ መሬቱን አጥብቆ ይይዛል፤ የኋላው ይቀልላል። ደረቅ አስፋልት ላይ ከማቆሚያው ኃይል 70 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከፊት ነው። የሚጥለው ደንግጦ በአንዴ መጭመቅ ነው። መጀመሪያ ለስለስ፣ ክብደቱ ወደ ፊት ሲመጣ ጠበቅ። ሁለቱም ፍሬን አብሮ ይሠራል። ጠጠር ላይና ኩርባ ውስጥ ተጋድማችሁ ሳለ የፊቱን በጥንቃቄ፤ ይህን ደግሞ ኩርባው ሳይደርስ ፍጥነት ቀንሶ መጨረስ ነው። ሰው የሌለበት ሜዳ ፈልጋችሁ ተለማመዱት። አባይ ላይ መማር ይከብዳል።

ምክንያቱም ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው፤ ከ1,300 ሜትር የማያንስ ከፍታ ይወረዳል። የጭነት መኪናዎች ክብደት አስፋልቱን በየቦታው አጣጥፎታል። እዚህ ላይ ሌላ አጉል ልማድ አለ፦ ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ (ማርሽ ሳያስገቡ) መውረድ። የሚተርፈው ነዳጅ ኢምንት ነው። የሚጠፋው ግን ሞተሩ ራሱ የሚይዝበት ጉልበት ነው። ያ ሲጠፋ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፣ ሸራው ይግላል፣ ከጋለ አይዝም። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ሞተሩ ይያዝላችሁ። ፍሬኑን በየተራ ነካ እያደረጋችሁ ልቀቁት። ፍሬኑ ከሸተታችሁ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ፤ ከላይ ሆኖ አባይን ማየትም የጉዞው ደስታ ነው።

«ብቻህን ከሆንክ ማንም አይደርስልህም»

ገርበ ጉራቻን እንዳለፍኩ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ሞተሩን ገና ሳላቆም ሁለት ልጆች ደረሱ፣ ቀጥሎ በትር የያዙ አንድ አባት መጡ። «አካም ጅርቱ» አልኳቸው፤ ፊታቸው በራ። ከዚያ በኋላ ሥራው የጋራ ሆነ። እሳቸው መሪውን ይዘው ሞተሩን አቆሙልኝ። ልጆቹ ከአጥር ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጥተው ሥር አደረጉ። ጎማውን ፈትቼ ከመነዳሪውን ስለጥፍ አባባ ከጎኔ ቁጭ ብለው የመጣሁበትንና የምሄድበትን ጠየቁኝ። ብር ሳወጣ እጄን መለሱት። «ስትደርስ ደውል» ብለው ቁጥራቸውን አስያዙኝ። ደብረ ማርቆስ ስደርስ ደወልኩ።

በቡድን የሚሄድ ሰው ይህን እምብዛም አያገኝም፤ እርስ በርሱ ያወራል። ብቻውን ያለ ሰው ግን በየቆመበት ይጠየቃል፣ ይጋበዛል።

ይህ ማለት ግን ዝም ብሎ መውጣት አይደለም። የመንገዱ ሰላም ከወር ወር ይለያያል። ከመነሳት በፊት በዚያው መስመር የሚመላለሱ የአውቶብስ ሾፌሮችን መጠየቅ ይበጃል፤ የትናንቱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። «አትሂድ» ካሉ አይኬድም። በዚያ ፈንታ በደቡብ በኩል 275 ኪሎ ሜትር ላይ ሐዋሳ አለች፤ የእሷንም መንገድ ጠይቆ መውጣት ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰው መንገዳችሁንና የምትደውሉበትን ሰዓት ይወቅ።

«ቡና ጠጣ፣ ጫት ያዝ፣ እንቅልፍ ይለቅሃል»

ቡና ለጥቂት ሰዓት ያነቃቃል። ጫትም እንዲሁ፤ ይባስ ብሎ የሌለ ድፍረት ይሰጣል። ሁለቱም የእንቅልፍን ዕዳ አይከፍሉም። ዓይን ሲከብድ መፍትሔው ከመንገድ ወጥቶ 20 ደቂቃ ጋደም ማለት ነው። ምሳ ላይ ክትፎውን ለማታ አቆዩት፤ በየዓይነቱ ቀለል ይላል። ውኃ በየፌርማታው።

«ይህ የሴት ነገር አይደለም»

ጥቁር አሜሪካዊቷ ቤሲ ስትሪንግፊልድ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ ጥቁር ሰው ማደሪያ ሆቴል በሚከለከልበት ዘመን፣ አሜሪካን ብቻዋን በሞተር ታቋርጥ ነበር። ሌላ መልስ አያስፈልገውም።

«ደርሰህ ስታቆም ቀኑ አለቀ»

አላለቀም፤ አንድ ሩብ ሰዓት ይቀራል። ሰንሰለቱ ገና ለብ ሲል ይጠረግና ዘይት ይቀባል፤ ሲሞቅ ዘይቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ከጋራዥ የወጣ የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። ያ ዘይት የብረት ብናኝና ቆሻሻ የያዘ ስለሆነ ሰንሰለቱን ይበላዋል። ንጹሕ 90 ዘይት (የማርሽ ዘይት) ርካሽ ነው፣ ትንሽ ጠርሙስ ይበቃል። ቀጥሎ ሰንሰለቱን ከመሀሉ በጣት ከፍና ዝቅ ማድረግ፤ እንደ ቦክሰር ባሉ ሞተሮች 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ ልል መሆን አለበት። ከዚያ ብሎኖቹን መዳሰስ ነው፦ መስታወት፣ ታርጋ፣ የጭስ ማውጫ፣ የሻንጣ መጫኛ። ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጡ ስለዋሉ አንዱ መላላቱ አይቀርም። ጠዋት በውርጭ ከመፈለግ ማታ ብርሃን ሳለ ማጥበቅ ይሻላል።